በእርሳስ ያደረግኋቸው ምልክቶች

መጀመሪያ የመጣው ደረቅ ሳል ነበር። ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ ስለምሸጥ የጥጥ ብናኝ ነው ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ ጀመር፤ ቀሚሴ ሰፋኝ። ጤና ጣቢያ አክታዬ ተመርምሮ የሳንባ ቲቢ ነው ተባልኩ። ስድስት ወር መድኃኒት። አንድም ቀን አይዘለልም።

ሁለት ወር በነርሷ ፊት ቆሜ ዋጥኩ። ሳሉ ጠፋ። ከዚያ መድኃኒቱን በየሳምንቱ ወደ ቤት ይሰጡኝ ጀመር፤ የዋጥኩበትን ቀን ምልክት የማደርግበት ካርድም አብሮ ተሰጠኝ።

ዐቢይ ጾም ገባ።

ትምህርቴን በማታው ክፍል የጨረስኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ዘግይቼ ስለተማርኩ ይሁን እንጃ፣ ያነበብኩትን ሁሉ ልኖረው እፈልጋለሁ። የቅዱሳንን ገድል ሳነብ ከገበያው ጭቅጭቅ፣ ከታክሲው ግፊያና ከስልኩ መሀል እኔም ለእግዚአብሔር የተለየሁ መሆን አማረኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም ላልቀምስ ወሰንኩ። መድኃኒቱ ግን የጠዋት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ሱቅ ነኝ፤ ገዢ ፊት የቲቢ ክኒን ማውጣት አፈርኩ። ቤት ስገባ ደክሞኛል፤ በቃ፣ ነገ እላለሁ። የንስሐ አባቴን አልጠየቅኋቸውም። ዋጪ እንደሚሉኝ አውቃለሁና።

ካርዱ ላይ ግን በየቀኑ ምልክት አደረግሁ። የዋጥኩበትን በእስክሪብቶ፣ ያልዋጥኩበትን በእርሳስ።

በአምስተኛው ሳምንት ሳሉ ተመለሰ። መሀረቤ ላይ ደም አየሁ። አጠብኩት። በማግስቱም አየሁ።

ከእማዬ ጋር የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሰባ ዓመት አልፏታል። «ጾምሽ ሳል ያመጣል እንዴ?» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን እሷም ሳለች።

ተያይዘን ሄድን። ሐኪሙ ካርዴን አዩ።

«በየቀኑ ውጠሻል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሳይላመደው አልቀረም። ወደ ሌላ ሕክምና ልንሄድ ነው፤ ከባድ ነው፣ ነርቭም ይጎዳል። እናትሽንም ከያዛቸው የተላመደው ነው የሚሆነው።»

እማዬ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ናት። ሳሏ ይሰማኛል። ጉልበቴ ከስግደት ብዛት ያመኛል። አፌ ውስጥ ውሸት አለ።

«አልዋጥኩም» አልኩ። «ዋሽቻለሁ፣ ዶክተር። ለጾሙ ብዬ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር...»

«እኔ ቄስ አይደለሁም። ስንት ቀን?»

«በእርሳስ ያለው ሁሉ።»

ካርዱን ወደ መስኮቱ አዙረው ቆጠሩ። አሥራ ዘጠኝ።

«ውሸትሽም ሥርዓት አለው» አሉ። አልሳቁም።

ሁለታችንም አክታ ሰጥተን ውጤቱን ሁለት ቀን ጠበቅን። ሁለቱንም ቀን እማዬን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ባክቴሪያው መድኃኒቱን አልተላመደም ነበር። እማዬንም ያሳላት ጉንፋን ሆኖ ተገኘ፤ እኔ ግን ስድስቱን ወር እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ቆጠርኩ። ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ስነግራቸው፣ «እኔ የስኳር ክኒኔን በጾም የምውጠው ሰይጣን አስገድዶኝ መሰለሽ?» አሉኝና፣ በየጠዋቱ በእናቴ ፊት እንድውጥ ቀኖና ሰጡኝ። እማዬ ቀኖናውን ከእኔ በላይ አጠበቀችው፤ ውሃውን ቀድታ ትጠብቀኛለች፣ ስውጥ ታየኛለች፣ ከዚያ ደግሞ እንደ ሕፃን፣ «ምላስሽን አውጪ!» ትለኛለች። አወጣለሁ። ያኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ኪዳን ለማድረስ እወጣለሁ። የሰው ዓይን የማያየው ቅድስና ፈልጌ ነበር፤ የተሰጠኝ ግን ምላስ ማውጣት ሆነ፤ ከስግደቱ ይልቅ የከበደኝም እሱ ነው።

ዛሬ ድኛለሁ። ሐኪሙን፣ የንስሐ አባቴን፣ ከሁሉም በላይ እማዬን ያቆየልኝን አምላክ አመሰግናለሁ። እናንተም ይህን መድኃኒት በጾም የጀመራችሁ፣ መልሱን የምታውቁት ቢሆንም እንኳ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ያልዋጣችሁበት ቀን ካለ ደግሞ ካርዱ ላይ ባዶውን ተዉት። ሐኪሙ የሚያክማችሁ እሱን አይቶ ነው።