ባሕሩ ጥሎን የሄደ ዕለት

ከመካነ ሰላም ስወጣ የማውቀው ውሃ ቁልቁል የሚሄደውን ብቻ ነበር። ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይጎድላል፤ ከሄደ ሄደ ነው። ዓረብ አገር የተቀጠርኩት ግን ባሕር ዳር ያለ ቤት ሆነ። ሥራዬ የአሠሪዬን ሽማግሌ አባት መጠበቅ ነበር። በጉብዝናቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ አሁን መርሳት ጀምረዋል። አንዳንድ ቀን በሟች ሚስታቸው ስም ይጠሩኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ። "ባባ" ነበር የምላቸው።

አንድ ዓርብ ቤተሰቡ ከባሕሩ ማዶ ዘመድ ቤት ለምሳ ተጠራ። ባባ መኪና ውስጥ አልገባም፣ በጀልባዬ እመጣለሁ አሉ። ልጃቸው ብትለምን ብትለምን ሲያቅታት ወደ እኔ ዞረች።

"አብረሽው ሂጂ። አባቴ ቤቱን ቢረሳ እንኳ ባሕሩን አይረሳም።"

ጀልባዋ ትንሽ ናት፤ አንድ ሸራና አንድ ረጅም ዘንግ ነው ያላት። ነፋሱ ደህና ወሰደን። እኩሌታ ላይ ስንደርስ ባባ መሪውን አዙረው ውሃው ውስጥ ወደበቀለው ቁጥቋጦ አመሩ።

"መንገዱ በዚያ አይደለም እንዴ፣ ባባ?"

"አቋራጭ ነው" አሉ።

ውሃው እየሳሳ መጣ። መጀመሪያ አሸዋው ታየኝ፤ ቀጥሎ አሸዋው ላይ የሚሮጡ ሸርጣኖች። ባባ ሸራውን ጠቅልለው በዘንጉ መግፋት ያዙ። "ወደ ፊት ሂጂ" ይሉኛል፤ ስሄድ ደግሞ "ወደ ኋላ ተመለሺ"። በመጨረሻ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ተቀምጣ ወደ ጎን አዘነበለች።

መቆሟ አይደለም ያስደነገጠኝ። ውሃው መሄዱን አልተወም። አጠገቤ የነበረው እያየሁት ሸሸ፤ ጥቂት ቆይቶ ዙሪያችን ሁሉ እርጥብ ሜዳ ሆነ።

"የት ነው የሚሄደው?"

"ወደ ቤቱ።"

"ይመለሳል?"

ባባ ብድግ ብለው ግራ ቀኝ ሲያዩ ቆዩና "ወንድሜ የት ሄደ? ከኋላ የሚገፋው እሱ ነበር" አሉ። ወንድማቸው እኔ ከመምጣቴ በፊት ሞቷል። ቀጥለው እኔን አዩኝ።

"አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

እኔን ከረሱኝ መንገዱንስ አልረሱም ወይ? ምናልባት አቋራጩ የድሮ ነው፣ ዛሬ ተደፍኗል። ምናልባት ደግሞ እሳቸው ልክ ናቸው፣ የማላውቀው እኔ ነኝ። የእኛ ወንዝ ሲጎድል የሚመለሰው በክረምት ነው፤ እዚያ አገር ግን ሲዘንብ አይቼ አላውቅም። በእግር ልውጣ ብዬ አንድ እግሬን ባወርድ እስከ ጉልበቴ ሰመጠ።

ስልኬ ጮኸ። አሠሪዬ ናት።

"የት ደረሳችሁ?"

"መሬት ላይ ተቀምጠናል።"

"ከጀልባው ወርዳችኋል?"

"አልወረድንም። ባሕሩ ውስጥ ነን።"

"ባሕር ውስጥ ነው ወይስ መሬት ላይ?"

እኔም አላወቅሁትም፤ ባውቀው እንኳ ለዚያ የሚሆን ዓረብኛ አልነበረኝም። ባባ ስልኩን ተቀበሉኝና በረጋ ድምፅ "ውሃው ከሰዓት በኋላ ለአሱር ሶላት ይመለሳል። ምሳዬን አስቀምጪልኝ" አሏት። ከዚያ ጀልባዋ ውስጥ ጋደም ብለው ተኙ።

እውነትም ተመለሰ። በሄደበት በኩል ስጠብቀው ከጀርባችን፣ ከቁጥቋጦው ሥር፣ ድምፅ ሳያሰማ መጣ። ጀልባዋ ተነቃነቀችና ቀና አለች። ባባም ተነሥተው ምንም እንዳልተፈጠረ ሸራውን ፈቱ።

ማዶ ስንደርስ ልጃቸው ለብቻዬ ወሰደችኝ። "መንገድ ጠፍቶት ነው ወይስ አውቆ?"

"አላውቅም" አልኳት። የደበቅኋት መስሏት ተቆጣችኝ። ዛሬም ብጠየቅ መልሴ ያው ነው።

አገሬ ከገባሁ በኋላ ለአባቴ አጫወትኳቸው። ጨርሰው ሰሙና "ላይ አገር ዘንቦ ነው የተመለሰው?" አሉ።

"አልዘነበም። ጨረቃ ናት የምትስበው ይላሉ።"

"በቀን?"

"በቀን።"

ከዓረብ አገር አእምሯቸው ታውኮ የተመለሱ ልጆች በሰፈራችን አሉ።

"ልጄ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይህን ለሰው እንዳታወሪ።"

በማግስቱ እናቴ ጠበል ልትወስደኝ ነጠላዋን ደርባ በር ላይ ቆመች። ምን ብዬ እንደምከራከራት ግራ ገብቶኝ ተከተልኳት።