አሎሎ ያስያዙኝ ሴትዮ

በሰው አገር፣ ሬክስዴል በሚባል ሰፈር ካርቶን ፋብሪካ ውስጥ በምሠራበት ጊዜ፣ ኢትዮጵያዊት መሆኔን የሰማ ሁሉ «ትሮጫለሽ?» ይለኝ ነበር። አልሮጥም። አውቶቡስ ሲያመልጠኝ እንኳ ቆሜ የሚቀጥለውን ነው የምጠብቀው።

ያልጠየቁኝ አንዲት ፖላንዳዊት ብቻ ናቸው። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ የምንሠራው በአንድ ሺፍት ነው። በወጣትነታቸው በአገራቸው ጦር ወርውረዋል፣ መረብ ኳስ ተጫውተዋል፣ በረዶ ሲጥል በስኪ ተወዳድረዋል፤ በኋላም አሰልጣኝ ሆነዋል። አንድ ቀን ካርቶን ስጭን ቆመው አዩኝና ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉት።

«አንቺ ወርዋሪ ነሽ» አሉኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው። «ቅዳሜ ነይ።»

ሳቅሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቅዳሜ ግን ሄድኩ። ኢስት ዮርክ በሚባለው ሰፈር፣ ቤታቸው አጠገብ ባለ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አሎሎ አስያዙኝ። «በክንድሽ አይደለም፣ በእግርሽ ነው የሚወረወረው!» እያሉ ሰመሩን፣ የሙቀቱን ወራት ሙሉ፣ ጮኹብኝ።

በረዶው ሲገባ ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሐኪሙ ከእንግዲህ ያለ ዎከር፣ ያለዚያ ባለ አራት እግር መደገፊያ፣ አይሄዱም አላቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ ተኝተው ግድግዳ ያያሉ።

«ይነሡ» አልኳቸው። «ሁሉም በእግር ነው ብለውኝ የለ?»

ተቆጡ። ከዚያ እጃቸውን ሰጡኝ።

ከሥራ መልስ እየሄድኩ በሕንፃቸው ኮሪደር አራምዳቸው ጀመር፤ መጀመሪያ እስከ አንድ በር፣ ቀጥሎ እስከ ሁለት፣ እያልን እስከ ሊፍቱ ደረስን። አንዳንድ ቀን ሕመሙ ያስለቅሳቸዋል፤ እኔም አብሬ አለቅስና «አንድ በር ይጨምሩ» እላለሁ። በቋንቋቸው የሚያጉተመትሙት ስድብ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ሰመር ለአዋቂዎች በተዘጋጀ የአሎሎ ውድድር ገብቼ ከሰባት ሴቶች ስድስተኛ ወጣሁ። እሳቸው ዳር ላይ ከዘራ ተደግፈው ቆመው ነበር። አፍሬ አቀርቅሬ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«ክርንሽ ወርዷል» አሉኝ። «ሰኞ እናስተካክለዋለን።»

ሰው ተበትኖ ሜዳው ባዶ ሲሆን ከዘራቸውን ሰጡኝና አሎሎውን ከእጄ ወሰዱ። «ኧረ ይተዉ!» ብል ማን ሰምቶኝ። ወረወሩት። ብረቱ ብዙም ሳይርቅ ሣሩ ላይ ዱብ አለ። እሳቸው ግን አልተንገዳገዱም፤ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ምን ታዪኛለሽ?» አሉኝ። «ሄደሽ ለኪ እንጂ!»