ከጎኔ የተላቀቀው ክንዴ

ሰባት ዓመቴ ላይ ጃናሞራ ውስጥ ከቤታችን ምድጃ ውስጥ ወደቅሁ። እሳቱ ቀኝ ጎኔንና ክንዴን ላጠው። እናቴ ማርና ቅቤ እየቀባች፣ ጠበል እየረጨች ከሞት አተረፈችኝ። ቁስሉ ሲሽር ግን ክንዴን ከጎኔ ጋር አጣብቆ ሻረ። ከብብቴ እስከ ክርኔ በጠባሳ ተሰፋሁ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲያ ቀሚስ ስለብስ ሰው ያሻኛል፤ ጸጉሬን የሚያበጥርልኝም ሌላ ሰው ነበር። ተምሬ መካነ ብርሃን ላይ መምህርት ስሆን እንኳ የምጽፈው በሰሌዳው ታችኛው ግማሽ ላይ ብቻ ስለነበር ከኋላ ያሉት ተማሪዎች ቆመው ይገለብጡ ነበር።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ሳል ይዞኝ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ነርሷ ጀርባዬን ልታዳምጥ ፈልጋ «ክንድሽን አንሽልኝ» አለችኝ።

«አይነሳም።»

ጠባሳውን አየችው። «ይህማ ጎንደር ይሠራል» አለችኝ፣ ስለ ተቀደደ ጫማ እንደምታወራ ሁሉ።

ለእናቴ ስነግራት ደነገጠች። «ምነው ልጄ? እሳት የተወልሽን እጅ ቢላዋ ይብላው?»

«እሳትማ መች ተወልኝ፤ አንቺ ነሽ ያተረፍሽልኝ» አልኋት።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ስንቅ ቋጥራ፣ ነጠላዋን ለብሳ ደጃፍ ላይ ትጠብቀኛለች።

ጎንደር ያየችኝ ቀዶ ሐኪም የእኔ እኩያ ሴት ነበረች። «ጠባሳውን እንከፍተውና ከጭንሽ ቆዳ ወስደን እንሸፍነዋለን» አለችኝ። «ግን የእኛ ሥራ ግማሹ ነው። ካላፍታታሽው ተመልሶ ይኮማተራል።»

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፋሻው የተፈታ ዕለት ጎንበስ ብዬ ተመለከትሁ። በክንዴና በጎኔ መካከል የአልጋው አንሶላ ታየኝ። አንሶላ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ሳቄ መጣ።

ሳቁ ግን አልቆየም። ቆዳው ሲይዝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ተረከበኝ። ጣቶቼን በግድግዳው ላይ ወደ ላይ ያስኬደኛል፤ የደረስሁበትን በእርሳስ ያሰምርበታል። «ዛሬ ከትናንቱ ሳታልፊ አትሄጅም» ይለኛል። አለቀስሁ። አንድ ቀንማ ሰደብሁት።

«ስድብሽ ጠንክሯል» አለኝ ሳይቆጣ። «ጉልበት አለሽ ማለት ነው። ጨምሪ!»

ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ከክፍሉ ልወጣ ስል እጄን ወደ በሩ ጉበን ሰደድሁት። ደረሰ። ጣቶቼ ላይ አቧራ ይዤ ወጣሁና መተላለፊያው ላይ ለተቀመጠችው እናቴ አሳየኋት።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከዚያ ላይ።»

ጉበኑን አየች፣ ጣቶቼን አየች። «ሸጋ አቧራ!» ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። ነርሶቹ ሰው የወለደ መስሏቸው ወጡ።

ትምህርት ቤት በተመለስሁ ሳምንት የመምህራን ስብሰባ ነበር። አጀንዳውን ዛሬ አላስታውሰውም። ርዕሰ መምህሩ «የምትደግፉ?» ሲል ቀኝ እጄን ሽቅብ አወጣሁት፣ ክርኔ ሳይታጠፍ። ቆጠረን። «የምትቃወሙስ?» አለ። ያኔም አነሳሁ።

«መምህርት፣ አሁን ደግፈሽ አልነበር?»

«ደግፌያለሁ» አልሁት፣ እጄን ሳላወርድ። «ድምፀ ተአቅቦም ካለ ቁጠሩኝ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ስብሰባው ቢዘገይም የተቆጣ ሰው አልነበረም።