ከጥይቱ የቀደመው ድምፅ

ሰቆጣ ሳስተምር፣ ድምፅ ሲሰማ በራሱ የሚበራ የፎቶግራፍ ፍላሽ ሠርቼ ነበር። ጥይት እንስራ ሲሰብር ለማንሳት ሽማግሌ ጎረቤቴን ባላምባራስን ከነጠመንጃቸው ወደ ትምህርት ቤቱ መጋዘን ጋበዝኳቸው። ፎቶው የሚነሳው በጨለማ፣ በብልጭታው ብርሃን ነው፤ ባትሪዬ የሚበቃው ደግሞ ለአንድ ብልጭታ ብቻ ነው።

ፋኖሱ እንደበራ እንስራው ላይ አነጣጠሩ።

«እንግዲህ እንዳይንቀሳቀሱ፤ ድምፅም እንዳያሰሙ። ከተኩሱ በፊት ኮሽ ካለ ብልጭታችን ባከነ» አልኳቸው።

«ሕፃን መሰልኩህ እንዴ? ይልቅ መብራትህን አጥፋ!»

አጠፋሁና የካሜራውን ዓይን ከፈትኩ። ግን ሳይፎክር የሚተኩስ ወንድ በዋግ አልተወለደም።

«ዘራፍ!» አሉ እየተንጎራደዱ። ፍላሹ ቦግ አለ።

ፎቶው እጅግ ጥርት ብሎ ወጣ። እንስራው ጥግ ላይ በደህና ተቀምጧል። ባላምባራስ አፋቸውን ከፍተዋል፤ ጣታቸው ምላጩ ላይ ነው፤ አፈሙዙም ካሜራውን ቀጥ ብሎ ያያል። ከካሜራው ኋላ የነበርኩት እኔ ነኝ።