የስፖርት መምህሩና የሰባት ዓመቷ ጠያቂ

ዛሬ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ ልጄ በተኛበት ክፍል፣ አንድ አባት ላይ ጮህኩ። «ምን ዓይነት ጨካኝ ነዎት!» አልኳቸው።

ከፈረስ ቤት ከተማ አካባቢ የመጡ ገበሬ ናቸው። የሰባት ዓመት ልጃቸውና የእኔ ልጅ ትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ተደርገው ጎን ለጎን ተኝተዋል።

ልጅቱ ሆዷን ይዛ፣ እያቃሰተች፣ ከአልጋ አልጋ እየዞረች ሕመምተኛ ትጠይቃለች። የላኳት አባቷ ናቸው።

«ሲስተሯ አራምዷቸው ብላን የለ፣ መምህር?» አሉኝ ረጋ ብለው። «ተራመጂ ስላት አልቅሳ እምቢ አለች። ሰው ጠይቂ ስላት ተነሣች።»

ሲስተሯ ስትናገር እኔም ነበርኩ፤ ራሴንም ነቅንቄያለሁ። ልጄን ግን ሽንት ቤት እንኳ ተሸክሜ ነው የማመላልሰው። የስፖርት መምህር ነኝ፤ እስቲ ሳቁብኝ።

ልጅቱ እኛ አልጋ ደረሰች። «እግዜር ይማርህ» ብላ ልጄን ጠየቀችው።

እሱ ወደ እኔ ዞረ። «አባዬ፣ እኔም ሄጄ ልጠይቃት። እንዳትሸከመኝ ግን።»

ይቅርታ ልጠይቅ ስጠጋ ሰውዬው ከወንበራቸው ተነሡልኝ። «ይቀመጡ፣ መምህር፤ ሲሸከሙ ነው የሰነበቱ፣ ደክሞዎታል።»

እናንተስ፣ አዘንኩለት ብላችሁ ልጃችሁን ከአልጋ ያዋላችሁ አላችሁ? ብቻዬን እንዳላፍር ጻፉልኝ።