የተተረተረው የእትዬ ውዴ አበባ

ልጄ ትናንት ከገበያ አንድ ትልቅ ፌስታል ሙሉ ክር ተሸክማ ገባችና ሳሎኑ መሀል ዘረገፈችው፤ ቀዩም ነጩም ቅጠልያውም እየተንከባለለ ሶፋው ሥር ገባ። ጎንበስ ብዬ ስለቃቅም ያ የአዲስ ክር ሽታ፣ ትንሽ ላስቲክ ትንሽ የሱቅ አቧራ የሚሸተው፣ አፍንጫዬን ያዘኝና እዚያው እንደጎነበስኩ ቀረሁ። እሷ እቴ ምን ገዷት! ስልኳ ላይ አንዲት ፈረንጅ ኪሮሽ ስትሠራ እያየች፣ ካሬ በካሬ ገጣጥማ የሶፋ ልብስ ልትሠራልኝ እንደሆነና ለዚያ ሁሉ ካሬ ስንት ጥቅል ክር እንደሚበቃ ስልኩ አስልቶ እንደነገራት ታበሥረኛለች። ስልኩ የማንን እጅ አይቶ ነው ብላት ሳቀችብኝ። "እማዬ ደግሞ፣ ስልክም ትጠረጥሪያለሽ?" አዎ፣ እጠረጥራለሁ። ክር ይበቃል የሚለኝን ሁሉ እጠረጥራለሁ። እኔ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ በክር ግምት የተነሳ ሁለት ቤት ሲለያይ በዓይኔ አይቻለሁ።

እናቴ ጠርጣራ ነበረች። ላማት ብዬ አይደለም፤ እሷም አትክደውም ነበር። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ስትል ዳዊት እንደምትደግም ሁሉ በሙሉ እምነት ነበር የምትለው። ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ውኃ ሳትጨምርበት አትቀርም፤ ወፍጮ ቤት የሄደ እህል ሳይጎድል አይመለስም፤ ዶሮዋ እንቁላል ካጓደለች ደግሞ ሰው ቤት እየሄደች ነው የምትጥለው ብላ እኔን ከኋላዋ ትሰደኝ ነበር። ዶሮ ተከትዬ የሰፈሩን ጓሮ ሁሉ ዞሬያለሁ። መጨረሻ ላይ የገዛ ማገዶ ክምራችን ሥር ስትጥል አግኝቼ እየሮጥኩ ብነግራት "እንደምትከተያት አውቃ ይሆናል" አለችኝ።

ከዚህ ሁሉ ጥርጣሬ የተረፈ አንድ ሰው ቢኖር ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ነበሩ። ከሽንዲ በጋብቻ መጥተው፣ ባላቸው ሞተውባቸው፣ ልጆቻቸውም ወጥተው ብቻቸውን የቀሩ፣ ሞላ ያሉ፣ ሲስቁ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው የሚይዙ ሴት ነበሩ። የሁለታችንን ግቢ በሚለየው አጥር ላይ ሽንቁር ነበረችና በዚያች ሾልከው፣ ማንንም ሳይጠሩ፣ ማጀት ድረስ ይገቡ ነበር። ጨው ሲያልቅባቸው ራሳቸው ጨልፈው ይወስዳሉ። እናቴ ለገዛ እህቷ የማትሰጠውን የሳጥን ቁልፍ ለእሳቸው ትሰጥ ነበር። እኔም ኪሮሽ መያዝ የተማርኩት እሳቸው ደጃፍ ላይ ነው፤ ክሩን ጣቴ ላይ ጥብቅ አድርጌ ስይዝ እጄን በመርፌው ጀርባ ነካ ያደርጉና "አንቺ፣ ምነው አነቅሽው፤ ልቀቂው እንጂ ይተንፍስ" ይሉኝ ነበር። ሲያስተምሩኝ እውላለሁ፤ ሲመሽ ቆሎ በነጠላዬ ቋጥረውልኝ በሽንቁሯ እመለሳለሁ። ደስ የሚል ዘመን ነበር።

ታላቅ እህቴ ትርንጎ ለጥር ልትዳር ተቆርጦ ነበር። የወንዱ ወገን ቡሬ ነው። የቡሬ አማት ደግሞ ሙሽራ ስትገባ አስቀድማ የምታየው የአልጋ ልብሷን ነው እየተባለ ሲወራ እናቴ ሰምታለችና፣ እንዲህ ያለ የአልጋ ልብስ ቡሬ ገብቶ አያውቅም የሚያሰኝ ነገር ካልሠራሁ ብላ ተነሣች። በያንዳንዱ ካሬ መሀል ቀይ አበባ፣ ዙሪያውን ነጭ። አጎቴ ሹፌር ነበርና ክሩን ከአዲስ አበባ አመጣልን፤ ያ ቀይ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ገበያ የማይገኝ፣ ጠቆር ያለ፣ ዓይን የሚይዝ ቀይ ነበር። ከጎደለ መተኪያ የለውም ማለት ነው። ነጩን እናቴና እኔ ልንይዝ፣ ቀዩን አበባ ግን እትዬ ውዴ ሊሠሩት ተስማሙ፤ የእሳቸው አበባ የሌላው ሰው ዓይነት ዝርግ አይደለማ። ቅጠሉ አንድ በአንድ ተነሥቶ ጉብ ይላል፤ በጣት ቢጫኑት ኩፍ እንዳለ ሊጥ ተመልሶ ይነፋል። አሠራሩን ከሽንዲ ነው ይዘው የመጡት፤ በሰፈሩ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም።

እንግዲህ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ፈትላ ጋቢና ኩታ ያሠራች ሴት ነበረች። ወርዱንና ቁመቱን በክንዷ ለካ ለካ ታደርግና ይህን ያህል ልቃቂት ይበላል ካለች አለቀ፤ ሸማኔው ጎደለኝ ብሎ አንድ ቀን ተመልሶ አያውቅም። በኛ አገር ደግሞ ሸማኔ ክር ጎደለኝ ካለ ክሩ አልጎደለም፤ ሸማኔው ጎድሏል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። እናም እናቴ የእትዬ ውዴን ቀይ ክር የገመተችው በጋቢ ሕግ ነበር፦ አንድ ዝርግ አበባ ራሷ ሠራች፣ ወርዱንና ቁመቱን አየች፣ ተረተረችው፣ ክሩን በክንዷ ለካች፣ በካሬው ቁጥር አባዛች፣ ለክታም ሰጠች። ያ ጉብ ያለው አበባ በወርድና በቁመት ከዝርጉ ጋር እኩል ነው። ሽቅብ የሚበላውን ክር ግን ጋቢ አስተምሯት አያውቅምና ያን ማን ይንገራት!

እትዬ ውዴ የካሬዎቹን እኩሌታ እንኳ ሳያደርሱ በሽንቁሯ ብቅ አሉና "እቴ፣ ቀዩ አልቆብኛል" አሉ፤ እንደ ጨው ነገር፣ እንደ ቀላል ነገር። እናቴ "እንዴ፣ ጨረሱት እንዴ?" ብላ ፈገግ አለች። ያችን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ ለወተት ሻጯም የምታሳያት እሷን ነበር። እሳቸው እንደወጡ ከመደቡ ላይ ተቀመጠችና ጣቷን እያጠፈች ገመተች፣ መልሳ ገመተች፤ ሁለቱም ጊዜ ክሩ ይበቃል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እትዬ ውዴ የሚያደርጉት ሁሉ ተለወጠብን። እሳቸው አልተለወጡም፤ ዓይናችን ነው የተለወጠው። የሥራ ሙዳያቸውን ድሮም አቧራ እንዳይገባበት በነጠላ ይሸፍኑት ነበር፤ አሁን ግን ለምን ይሸፍኑታል? ሽንዲ ያለች ልጃቸው ጋ ለምን ሄዱ? ሄደውስ ባዶ እጃቸውን ነው የሄዱት? እናቴ ጮክ ብላ አትናገርም፤ ድስት እያማሰለች ለድስቱ ነው የምትጠይቀው። እኔም ያን ሁሉ ቆሏቸውን የበላሁት፣ ሙዳያቸው ሥር ቀይ ነገር ፍለጋ ዓይኔን መወርወር ጀመርኩ። ጥርጣሬ እንደ እከክ ነው፤ አብሮ የተኛን ሁሉ ያሳክካል።

ቀይ ነገር ማየት አስቸጋሪ ሆነ። ስለ ሠርጉ ልንነጋገር ቡሬ የሄድን ቀን፣ ገበያው ዳር ፈረሰኞች ይመጣሉ፤ አንደኛው ፈረስ አንገቱ ላይ የቀይ ክር ዘርፍ ተንጠልጥሎለታል። እናቴ ከአማቾቻችን ጋር ሰላምታ እየተለዋወጠች ነበር፤ ሰላምታውን በእንጥልጥል ትታ ፈረሱን ተከተለች። ደርሳም ዘርፉን በሁለት ጣቷ ያዘች፣ አሸት አሸት አደረገችው። ባለ ፈረሱ ግራ ገብቶት "እሜቴ፣ ምነው? ፈረሱን ፈለጉት?" ቢላት "ፈረሱንስ አልፈለግሁትም፤ ይህን ማን ሠራልህ?" አለችው። "እናቴ ናት" አላት። እናትህ ሽንዲ ዘመድ አላት ወይ አለችው። ሰውዬው እየሳቀ ኮርኮር አድርጎ ሄደ፣ አማቾቻችንም እርስ በርስ ተያዩ፣ ትርንጎ ኀፍረት ሊገድላት ደረሰ። እናቴ ግን ስትመለስ "ቀለሙስ ይለያል" አለችኝ ዝቅ አድርጋ፤ "ቢሆንም ታጥቦ ሊሆን ይችላል።"

ሠርጉ እየቀረበ፣ ካሬው አልሞላ ብሎ፣ የትርንጎም ልቅሶ ሲበዛ እናቴ አንድ ነገር አሰበች፤ ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ሳቄም ዕንባዬም እኩል ይመጣል። ባላገር ከብት ሲጠፋ ወይ ክምር ሲቃጠል ሰዉ ሁሉ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ በዳዩ እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ አውጫጭኝ ይባላል። እናቴ ለክር አውጫጭኝ ጠራች። ነጩን ሲሠሩ ያገዟትን የጎረቤት ሴቶች በሙሉ ከነሥራቸው ግቢያችን አስቀመጠች፤ የነፍስ አባቷን አባ ይትባረክንም ከበላይ አስቀመጠቻቸው። ምስኪኑ ቄስ መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አስደግፈው "እኔ ለበሬ ሲሆን ሰምቻለሁ፤ ለክር ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው" አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ውዴም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አውጫጭኙ ለማን እንደተጠራ ገና አልገባቸውም ነበር።

እናቴ የማንንም ስም አልጠራችም፤ በኛ አገር ነገር እንዲያ ተደርጎ አይነገርም። ዞር ዞር ብላ "ክር እግር የለው፤ ከቤት ወጥቶ ወደ ቤት ካልተመለሰ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አለ" አለች። ከዚያም ቀይ ክር የነካ ሰው ሁሉ በሚካኤል ይማልልኝ አለች። ቀዩን የነካው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እትዬ ውዴ እናቴን አዩአት፤ ረዥም ጊዜ አዩአት፤ ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ሲወርድ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበርና አይቻለሁ። ከዚያ "በሚካኤል ስምማ ለክር አልምልም" አሉ። ሙዳያቸውን ከፈቱ፣ የደረሱትን አበቦች አወጡ፣ የመጀመሪያውን አበባ ቋጠሮ ፈልገው ፈቱና ሳቡት።

ኪሮሽ ሲሠራ እንጂ ሲፈርስ ጊዜ አይፈጅም። አበባው አንድ ቅጠል፣ ሌላ ቅጠል እያለ እየሟሸሸ ሄደ፤ ክሩም እንደተጠመዘዘ በግራ እጃቸው ላይ ተጠቀለለ። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ያዙ። ሴቶቹ "ኧረ እትዬ ውዴ፣ ኧረ በማርያም" ይላሉ፤ አባ ይትባረክ "ተይ ልጄ፣ ተይ" ይላሉ፤ እሳቸው ግን ማንንም አይሰሙም፤ የወራት ሥራቸውን ይተረትራሉ፣ ይጠቀልላሉ። የመጨረሻው አበባ ካለቀ በኋላ ልቃቂቶቹን እናቴ እግር ሥር አስቀመጡና፣ ክሩን በሰጠቻቸው ቀን እንደለካችው አድርጋ በገዛ ክንዷ እንድትለካው ነገሯት። እናቴ ለካች። ሙሉ ነበር። አንድ ክንድ አልጎደለም። "ይኸውልሽ ክርሽ፤ ተረከቢኝ" አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው በትልቁ በር ወጡ፤ በሽንቁሯ አልሄዱም።

እናቴ ያን ጊዜ መነሣት ነበረባት። ድንጋይ ተሸክማ ደጃፋቸው ላይ መውደቅ፣ ይቅር ይበሉኝ ማለት ነበረባት፤ ያንን እሷም ታውቀዋለች፣ እኔም ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ። ግን ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ያያል፤ ኩራቷ ያዛት። ነገ እሄዳለሁ አለች። ነገ የሠርጉ እህል ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከነገ ወዲያ ብቅል ይፈጫል፤ ቀኑ እያለፈ በሄደ ቁጥር መንገዱ እየራቀ ሄደ፤ ከአጥር ወዲያ ያለ ቤት እንዲህ ሊርቅ ይችላል ብዬ አላስብም ነበር። የአልጋ ልብሱን በዝርግ አበባ እኛው ጨረስነው፤ የተተረተረ ክር መጨማደዱ አይለቀውምና አልጋ ላይ ሲነጠፍ እስከ መጨረሻው ተስተካክሎ አልተኛም። የቡሬዋ አማት "ያምራል" አለች፤ ያምራል ያለችው ግን ነጩን ነበር።

እትዬ ውዴ ሠርጉ ላይ መጡ። ወጥ ሠሩ፣ እልል አሉ፣ ሙሽራዋን መረቁ፤ የጎረቤት ወግ አላጎደሉም። ከዚያ በኋላ ግን እኛ ቤት ሲመጡ በር ላይ ቆመው "ቤቶች!" ይላሉ። እናቴ ያን "ቤቶች" በሰማች ቁጥር ፊቷ ይለወጥ ነበር፤ ሳይጠሩ ይገቡ የነበሩ ሰው እንደ እንግዳ ተጠርተው ሲገቡ፣ ጨውም ሲያልቅባቸው ሱቅ ሲልኩ። ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም። ያን አበባ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ ሽንዲ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ እኔም በትዝታ ልሠራው ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ይዘረጋብኛል። እጄ ክር ማነቁን ገና አልተወም መሰለኝ።

እኔ የምዳርበት ጊዜ ሲደርስ፣ እናቴ አንድ ቀን ማለዳ ቀይ ክር በትልቅ ከረጢት ሞልታ ተሸክማ ወጣች። ስንት እንደሆነ አልለካችውም፤ ልለካልሽ ብላት "ተይው፣ የፈለጉትን ያህል ይሥሩበት፤ የተረፈውንም አልጠይቅም" አለችኝ። በሕይወቷ ሳትለካ ለሰው ልትሰጥ ስትወጣ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ብዙም ሳትቆይ ከነከረጢቷ ተመለሰች። ከረጢቱን መደቡ ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። ምን አሉሽ አልኳት።

"ዓይኔ ደክሟል፣ እቴ፤ ከእንግዲህ ኪሮሽ አልይዝም አሉኝ" አለች። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገችና "ደጃፋቸው ላይ ጤፍ ሲለቅሙ ነው ያገኘኋቸው" አለች።