የሃንጋሪኛ ደብተሬ

ክፍሉን መጀመሪያ ያወቅኩት በእግሬ ነው። ፖሊሱ በሩን ከኋላዬ ሲዘጋው ዓይኔ ጨለማውን ገና አልለመደም ነበርና፣ የሰው እግር እንዳልረግጥ እየተጠነቀቅኩ ሦስት ሰው ረገጥኩ። "ቀስ በል ወንድሜ፤ የምትቸኩልበት ቀጠሮ የለህም" አለኝ አንዱ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩና ወዲያው አፈርኩ።

የያዙኝ መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ ካለው የጨርቅ ሱቄ ነው። የረድፋችን ሱቆች ሊፈርሱ ነው ሲባል ነጋዴዎቹ ተሰብስበን አቤቱታ አስገብተን ነበር፤ የጻፍኩትም እኔ ነበርኩ። መርማሪው "ሕዝብ ማነሳሳት ነው" አለው። አቤቱታ መሆኑን ባስረዳም የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ጥግ ላይ ጃኬታቸውን አጣጥፈው ላዩ ላይ የተቀመጡ፣ ሰባ ያለፋቸው ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ሃንጋሪ አገር ተልከው ምሕንድስና የተማሩ ናቸው። የታሰሩት ወረዳ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው ስለተናገሩ ነው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

"በል፣ ከነገ ጀምሮ ሃንጋሪኛ ትማራለህ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ሃንጋሪኛ ለመርካቶ ምን ያደርግልኛል?"

"እዚህ በሩም ቁልፉም የነሱ ነው። ቀኑን ደግሞ አንተ ወስደህ አትስጣቸው።"

እውነቴን ነው፣ ሌላ ሥራም አልነበረኝም። በማግሥቱ ባለቤቴ ከምሳው ጋር ደብተርና እስክሪብቶ አስገባችልኝና ትምህርቱ ከባለቤትነት፣ "የኔ"፣ "ያንተ" ከማለት ተጀመረ። ቤት በሃንጋሪኛ "ሃዝ" ነው። ቤቴ "ሃዞም"፣ ቤትህ "ሃዞድ"፣ ቤታችን "ሃዙንክ"። ባለቤቱ ልክ እንደኛ ከቃሉ ጫፍ ላይ ይለጠፋል። የእሱም የእሷም ቤት ግን አንድ ነው፤ "ሃዞ" ብለው ይገላገላሉ። ቤት አለኝ ለማለት ደግሞ "ቮን ሃዞም" ይላሉ፣ "ቤቴ አለ" እንደማለት። ፈረንጅ ሁሉ "የኔ" የሚለውን ከፊት የሚያስቀድም ይመስለኝ ስለነበር ገረመኝ።

ከጎኔ የተኛ አንድ ተሸካሚ ትምህርቱን በክርኑ ተደግፎ ይከታተል ነበር። ሳይታሰር አብነት አካባቢ አልጋ በአዳር እየከፈለ ነበር የሚተኛው።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ቤት የለኝም። ምን ብዬ ነው ሃዞም የምለው?"

"ዝም ብለህ በል! ሰዋስው የቤት ካርታ አይጠይቅም።"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ሁላችንም በአንድ ድምፅ "ሃዙንክ" አልን፤ ደገምነው። ዘበኛው በሩን ደበደበ።

"ምንድነው የምትሉት?"

"ቤታችን እያልን ነው" አሉት ሽማግሌው በትህትና።

በሁለት ሳምንት ውስጥ የደብተሩ ግማሽ በሳቸው እጅ ጽሑፍ ሞላ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ወደ ሃንጋሪኛ የምመልሳቸው ሃያ ዓረፍተ ነገሮች ሰጡኝና ሠራኋቸው። በማግሥቱ ጠዋት ግን እሳቸውን ዕቃቸውን አስይዘው አወጧቸው። ወዴት እንደሚወስዷቸው ብንጠይቅም የመለሰልን የለም። ከሰዓት ፍተሻ ገባና ደብተሬ ተወሰደ። መርማሪው ገጾቹን እያገላበጠ "ይሄን ምስጢር ማን ነው የጻፈልህ?" ሲለኝ፣ "ሰዋስው ነው" አልኩት።

ከአሥር ቀን በኋላ ትፈታለህ ተባልኩ። የጽሕፈት ቤቱ ፖሊስ ቀበቶዬንና ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ አንድ ወረቀት ገፋልኝ፦ የተያዘብኝን ንብረት በሙሉ ተረክቤያለሁ የሚል ነው።

"ዝርዝሩ ላይ አንድ ደብተር ይላል" አልኩት።

"እሱ የለም። ፈርምና ውጣ።"

እኔ ሃያ ዓመት ዕቃ ስረከብ የኖርኩ ነጋዴ ነኝ። የጎደለ ካለ አይፈረምም። ጭነት ያመጣው ሾፌር ቢለምንም፣ መንገዱ ተዘጋ ብሎ ቢጮህም አይፈረምም።

"ደብተሩ ጎድሏል ብዬ ጽፌበት ልፈርም።"

"አይቻልም።"

"እንግዲያው አልፈርምም።"

"ሰውዬ፣ ሚስትህ በር ላይ ቆማለች። ለደብተር ብለህ ነው?"

"ለደብተሬ።"

ጀግንነት አልነበረም፤ ንዴት ነው። እኚያን ሽማግሌ፣ እንደሰማነው፣ ልጆቻቸው ጣቢያ ለጣቢያ እየዞሩ አጥተዋቸው ነበር፤ ከሳቸው የቀረኝ ያ ጽሑፍ ብቻ ነው። አልተረከብኩትምና ተረከብኩ አልልም። ወደ ክፍሉ መለሱኝ፤ ተሸካሚው ሲያየኝ ግንባሩን ያዘ።

በማግሥቱ ባለቤቴ ምሳ ስታመጣ በቆመ ፖሊስ ፊት ጮኸችብኝ። "አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ልጆችህን ምን ልበላቸው?" ምክንያቱን ነገርኳት። ከዚያ ወደ ፖሊሱ ዞረች፦ "ስጡት እንጂ ደብተሩን! ሳይዘው እኔም ባሌን ወደ ቤት አልወስደውም።" ያን ቀን እንደወደድኳት ወድጃት አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ደብተሩ መጣ። ሽፋኑ ተገንጥሏል። ፖሊሱ ሰዓቱን እያየ እኔ ገጽ በገጽ አየሁት፤ ምንም አልጎደለም። ፈረምኩ።

ሽማግሌው የተፈቱት ከወራት በኋላ ነው። ከስተው፣ ዱላ ይዘው ሱቄ መጡ። ማልቀስ አማረኝ፤ ደብተሩን አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አኖርኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው "ቀይ እስክሪብቶ አለህ?" አሉኝ። ገበያተኛ እየተጋፋቸው፣ እንደቆሙ ሃያውንም አረሙ።

"ሰባቱን ተሳስተሃል። ድገም።"

ሱቃችን እስካሁን አልፈረሰም፤ ነገ ምን እንደሚሆን ግን አላውቅም። ሰባቱን ደግሜ ሠራኋቸውና አራቱን እንደገና ተሳሳትኩ። ጋሼ ማክሰኞ ሊያርሙ ይመጣሉ።